የናይሮቢ ደንበኛችን ማኅተም የለውም፣ ባንኩ ደግሞ ያለ ማኅተም ውል አይቀበልም፤ የትኛው ዓለም አቀፍ ደንብ ያስታርቀናል?

ከቆዬ ፈጬ (ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.)

ሰላም ለዚህ መድረክ ታዳሚዎች። ጉዳዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የከረመ ስለሆነ አሳጥሬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ታገሡኝ።

እኔ፣ እህቴና አብሮን የተማረ ጓደኛችን ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሒሳብ መዝገብ እንይዛለን። ደንበኛው የዕለቱን ደረሰኞች ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ እኛ መዝግበን፣ ከባንክ መግለጫው ጋር አስታርቀን፣ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት እናስረክባለን። ንግድ ፈቃድ አለን፣ ግብር እንከፍላለን። በመስከረም ወር ናይሮቢ ውስጥ አራት የመድኃኒት መደብሮች ያሉት አንድ ድርጅት አገኘን። ለእኛ ትልቅ ዕድል ነበር። ውሉን በኢንተርኔት ላኩልን፣ እነሱ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ፈርመው፣ እኛም እንደዚያው ፈርመን በአንድ ከሰዓት ተጠናቀቀ። የመጀመሪያውን ወር ሠርተን አስረከብን፤ እነሱም ገንዘቡን ላኩ።

ችግሩ የመጣው ገንዘቡን ለመቀበል ባንክ ስንሄድ ነው። ከውጭ የመጣው ገንዘብ የአገልግሎት ክፍያ መሆኑን የሚያሳይ ውል አምጡ ተባልን። አትመን ወሰድን። ያስተናገደችን ሠራተኛ ትሑት ሴት ናት፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች፣ የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን ከግርጌው ላይ አሳረፈች። ክቡ ሰማያዊ ማኅተም ሊኖርበት ይገባ የነበረው ቦታ ነጭ ነው። «ዋናውን፣ በእጅ የተፈረመበትንና ማኅተም ያረፈበትን አምጡልን» አለችን። ለናይሮቢው ድርጅት ጻፍን። «እኛ ማኅተም የለንም፤ ሁሉንም ውላችንን የምንፈርመው እንደዚህ ነው» ብለው መለሱ። ዛሬ ይኸው ገንዘቡ ተንጠልጥሎ አለ።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ጥያቄ ከእነሱ መጣ። ደረሰኞቹ ላይ የገዢው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የገዛው መድኃኒት አለ። የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የደንበኞቻቸው መረጃ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ጥበቃ እንዳለው ማረጋገጫ ስለሚጠይቃቸው፣ «የእናንተ አገር ሕግ ምን ይላል? እናንተስ እንዴት ትጠብቁታላችሁ?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አንድ ሰው የገዛው የስኳር በሽታ መድኃኒት ቆዬ ፈጬ ድረስ መጥቶ ማንም እንዲያየው አይፈልግም።

የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች በኢንተርኔት ስለሚደረግ ንግድ የሚስማሙበት ሰነድ፣ በአፍሪካ ኅብረት መጽደቁን ሰምቻለሁ። ያጸደቁት እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከእኛ ሰፈር አውቶቡስ ይዘን በምንደርስበት አዳራሽ ነው። ታዲያ ያንን ደንብ ይዤ ባንኩ ፊት ብቀርብ ይሠራልኛል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

---

የሕግ ወረቀት (ኅዳር 8 ቀን)

ወንድሜ፣ ጉዳይህ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው፤ ፊርማው፣ መረጃውና ገንዘቡ። በአንድ ላይ ስለተቋጠሩ ነው ያስጨነቁህ።

በመጀመሪያ ፕሮቶኮሉን በተመለከተ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮል በየካቲት 2016 ዓ.ም. በኅብረቱ 37ኛ የመሪዎች ጉባኤ ጸድቋል። በየካቲት 2017 ደግሞ ስምንት አባሪዎች ጸደቁ፤ ድንበር ተሻጋሪ የመረጃ ዝውውር፣ የዲጂታል መታወቂያ፣ ድንበር ተሻጋሪ ክፍያ፣ የስሪት አገር ደንብ (አንድ ምርት የየት አገር እንደሆነ የሚወስነው) እና ሌሎችም ራሳቸውን የቻሉ አባሪዎች አሏቸው። ነገር ግን የመሪዎች ጉባኤ ማጽደቁ አንድ ነገር ነው፣ በሥራ ላይ መዋሉ ሌላ። ፕሮቶኮሉ የሚጸናው 22 አገሮች በየአገራቸው ሕግ አጽድቀው ሰነዳቸውን ሲያስገቡ ነው። ስለዚህ ዛሬ ባንኩ ፊት ብታቀርበው የሚያስገድድ ሰነድ አይሆንልህም።

ግን አያስፈልግህም! የአገርህ ሕግ ቀድሞታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት ሊነፈገው እንደማይገባ ይናገራል። ከዚያ በፊት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ደግሞ ለፊርማው ዕውቅና ይሰጣል። ይህ ሐሳብ እዚህ የተፈለሰፈ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 አገሮች የራሳቸውን ሕግ እንዲቀርጹበት ካወጣው ሞዴል ሕግ የመጣ ነው። የሞዴሉ ብልሃት ቀላል ነው፤ «ወረቀት ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ አይጠይቅም። ወረቀቱ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት፣ ማለትም ማን እንደፈረመ ማሳየቱን፣ ይዘቱ እንዳልተለወጠ ማረጋገጡንና በኋላ ተመልሶ መነበቡን፣ ኤሌክትሮኒኩ ሰነድ ይሰጣል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከሰጠ እኩል ነው።

ማኅተሙን በተመለከተ፣ በእኛ አገር ማኅተም ከሕግ በላይ ልማድ ሆኗል። ባንኩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኦዲተር ሲመጣ ፋይሉ ውስጥ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያሳየውን ስጠው። አንደኛ፣ የፊርማውን ሂደት የሚያሳየውን የማረጋገጫ ገጽ አትም፤ ፈራሚው ማን እንደሆነ፣ ሰዓቱ፣ ኢሜይሉ ሁሉ ከውሉ ጋር አብሮ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሁለቱን አዋጆች ጠቅሰህ የራስህን ድርጅት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፍ። ከሠራተኛዋ ጋር አትከራከር፤ ደብዳቤው ለሕግ ክፍላቸው ይመራልኝ በል።

የመረጃውን ጉዳይ ነገ እመለስበታለሁ፤ እሱ ሰፊ ነው።

---

የጥለት ቤት (ኅዳር 9 ቀን)

እኔም ብሶት አለኝ፤ ቦታው ከሆነ ልናገር።

ሽሮ ሜዳ ነው ያለሁት። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት እሸጣለሁ፣ ደንበኞቼ አብዛኞቹ አሜሪካ ያሉ የእኛው ሰዎች ናቸው። አንድ ነጠላ፣ አንድ የልጅ ቀሚስ፣ አልፎ አልፎ ጋቢ፤ ትንንሽ ሣጥን ነው የምልከው። ለዓመታት ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከነሐሴ በኋላ ግን ሁለት ሣጥን ተመለሰብኝ። አንዷ ደንበኛዬ ቀረጥ ክፈይ ተብላ «አልፈልግም» ብላ መለሰችው። የልጇ የክርስትና ቀሚስ ነበር። ለክርስትናው አልደረሰም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በዲጂታል ንግድ ላይ ቀረጥ እንዳይጣል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ ሲባል እሰማለሁ። እኔ የምሸጠው በኢንተርኔት ነው። ታዲያ ለምን ቀረጥ ተጠየቅን?

---

ከሰበታ (ኅዳር 9 ቀን)

ልጄ፣ በጉምሩክ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ስህተት ብዙ ሰው ስለሚሳሳተው ጊዜ ወስጄ ልጻፍልሽ።

ስምምነቱ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው «በኤሌክትሮኒክ ማስተላለፊያ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ አለመጣልን እንቀጥልበት» ብለው ተስማሙ። ሞራቶሪየም የሚሉት እሱን ነው። ቋሚ አይደለም፤ በየሚኒስትሮች ጉባኤው እየታደሰ እዚህ ደርሷል። የሚመለከተው ግን በሽቦ የሚተላለፈውን ነው፤ ሶፍትዌሩን፣ ሙዚቃውን፣ የዚያን የቆዬ ፈጬ ልጅ የሒሳብ ሪፖርት። ትእዛዙ በኢንተርኔት ቢመጣም ነጠላሽ በሣጥን ነው የሚሄደው፤ ሣጥን ደግሞ ዕቃ ነው፣ የዕቃ ቀረጥ ይከተለዋል። ያንቺ ሣጥን በነፃ ይገባ የነበረው በሌላ ምክንያት ነው። አሜሪካ ዋጋቸው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅሎችን ያለ ቀረጥ የምታስገባበት የራሷ ሕግ ነበራት፤ እሱን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አነሣችው። ያ የአንድ አገር ውሳኔ እንጂ የዓለም አቀፍ ስምምነት መፍረስ አይደለም።

በሥራ ዘመኔ አንድ ነገር አስታውሳለሁ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በዲስክ ተጭኖ ሲመጣ ቀረጡ በባዶው ዲስክ ዋጋ ይሰላ ወይስ በውስጡ ባለው ፕሮግራም ብለን ጠረጴዛ ዙሪያ እንከራከር ነበር። ዲስኩ መዳፍ ላይ የምታስቀምጪው ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ደረሰኙ ግን የመኪና ዋጋ ይላል። ዛሬ ዲስኩ ራሱ የለም። ጉምሩክ ቆሞ የሚጠብቅበት በር በኩል የሚያልፍ ነገር ቀርቷል። የዓለም መንግሥታት የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልጨምር። ቀረጥ አይጣልም ማለት ግብር አይከፈልም ማለት አይደለም። የአገር ውስጥ ግብር በሞራቶሪየሙ አይታገድም። የእኛም አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1341/2016፣ ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚሰጡ አገልግሎቶችን ጭምር 15 በመቶው እንዲመለከታቸው አድርጓል።

---

የጥለት ቤት (ኅዳር 9 ቀን)

አባባ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገባኝ። ግን ሌላ ነገር አስነሡብኝ።

ባለፈው ወር አንዲት ካናዳ የምትኖር ልጅ ቀሚሱን ተወችና «ጥለቱን ብቻ ሥዕል አድርገሽ ላኪልኝ፣ እዚህ በማሽን አሠራዋለሁ» አለችኝ። እኛ ጥለት የምናወጣው ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ ነው፤ እያንዳንዷ ሣጥን አንድ ክር ናት። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ እያደረግን እንሞላለን። አባቴ ይህን ሥራ የተማረው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ከአያቴ ጎን ተቀምጦ ነው። ያንን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ብልክላት ቀረጥ የለውም ማለት ነው። በዚህ ደስ ይለኛል። ግን ከላክሁት በኋላ ጥለቱ የማን ነው? አንድ ሺህ ጊዜ ብታሳትመው ማን ይጠይቃታል? ነጠላው ሲሄድ ቀረጡ ደንበኛዬን ያባርራል፤ ጥለቱ ሲሄድ ደግሞ ምንም አያግደውም፣ ለእኔም የሚቀር የለም። አልላክሁላትም።

---

ከቡራዩ (ኅዳር 10 ቀን)

የጥለት ቤት እህታችን የጻፈችው ነገር ልቤን ስለነካው ነው የምጽፈው፤ ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከአብዛኞቻችሁ ጋር አልስማማም። «ቀረጥ አይጣልበት፣ መረጃ በነፃ ይዘዋወር» የሚለው ደንብ የሚጠቅመው ብዙ የሚልከውን ነው። እኛ ከምንልከው የምናስገባው እጅግ ይበልጣል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ታዳጊ አገሮች በሞራቶሪየሙ ምክንያት በዓመት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የቀረጥ ገቢ ሊያጡ እንደሚችሉ ገምቷል። ህንድና ደቡብ አፍሪካ ዓመታት ሙሉ ሲሟገቱ የቆዩት በዚህ ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለማይጨበጡ ዕቃዎች በቀረጥ መጽሐፏ ውስጥ መስመር ከፍታ ዜሮ ጻፈችበት። ዜሮ ነው፣ ገቢ የለውም፤ ግን መብቷን አስከብራ አስቀመጠች። ይህ የበሰለ አካሄድ ነው እላለሁ።

አሜሪካንንም ተመልከቱ። መረጃ ያለ ገደብ ይዘዋወር፣ መንግሥት የፕሮግራም ምንጭ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ዋናውን ጽሑፍ) አይጠይቅ እያለች ስትገፋ የኖረችው እሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በዓለም ንግድ ድርጅት የጄኔቫ ድርድር ላይ ያንን ሐሳብ ራሷ ተወችው፤ ምክንያቷም በገዛ አገሯ ትልልቆቹን የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ለመቆጣጠር ሰፊ ቦታ እንዲኖራት ነው። ባለቤቱ ያወለቀውን ጫማ እኛ ለምን እንለብሳለን?

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን እየተደራደረች ነው፤ በመጋቢት ካሜሩን ያውንዴ ላይ በሚደረገው 14ኛው የሚኒስትሮች ጉባኤ ለመጨረስ ታልሟል። ዘግይቶ የሚገባ አገር ደግሞ ከበር ላይ ብዙ ይጠየቃል። ስንፈርም መመለሻ በር ይኑረን ነው የምለው።

---

ከቆዬ ፈጬ (ኅዳር 10 ቀን)

ወንድሜ ከቡራዩ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። ነገር ግን «እኛ» ስትል እኔን የት ታስቀምጠኛለህ? እኔ አስገቢም ላኪም ነኝ። የምሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም ከውጭ በወር ክፍያ የሚመጣ ነው። መንግሥት ነገ ያንን ፕሮግራም ቀረጥ ቢጥልበት የሚከፍለው ፕሮግራሙን የሠራው ትልቅ ድርጅት አይደለም፤ ቆዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ነው። ኬንያም «ኢንዶኔዥያ እንዳደረገችው» ብላ መስመር ከፍታ በኋላ ዜሮውን ወደ አምስት ብትለውጠው ሪፖርቴ ላይ ነው የሚያርፈው። የ10 ቢሊዮኑም ግምት ብቻውን አይቆምም፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በጉዳዩ ላይ ያወጣው ጥናት የሚጠፋው ገቢ አነስተኛ እንደሆነ ነው የሚናገረው።

ስለ መመለሻ በሩ ግን እስማማለሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በአፍሪካ ፕሮቶኮል ከአባል አገር የመነጨ የዲጂታል ምርት ላይ ቀረጥ አይጣልም ይባላል። «የመነጨ» ማለት ምን ማለት ነው? ሪፖርቱን የምንሠራው እኛ ነን፤ ፕሮግራሙ አሜሪካዊ ነው፣ ፋይሉ የሚቀመጠው ምናልባት አየርላንድ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ደረሰኞቹ ኬንያዊ ናቸው። ቡና ሲሆን የበቀለበት መሬት ይታወቃል። የእኔ ሥራ የበቀለው የት ነው?

---

የሕግ ወረቀት (ኅዳር 10 ቀን)

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የስሪት አገር አባሪ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ የናይሮቢ ወይም የአዲስ አበባ ስም የለጠፈ ግን ከሌላ አህጉር የመጣ ምርት በዚያ በር እንዳይገባ። የአገራችን ተደራዳሪዎች ብዙ ጊዜያቸውን ቢያጠፉበት የምመኘው አባሪ እሱ ነው፣ ምክንያቱም እንደናንተ ያለው ትንሽ አገልግሎት ሰጪ ሁልጊዜ በሌላ ሰው መሣሪያ ነው የሚሠራው። መስፈርቱ የመሣሪያውን ባለቤት ከተከተለ አንድም ኢትዮጵያዊ የሒሳብ ባለሙያ አያልፍም። የሠሪውን ሰውና የድርጅቱን ምዝገባ ከተከተለ ታልፋላችሁ።

ለቡራዩው ወንድማችን ደግሞ፣ የአፍሪካው ፕሮቶኮል አንተ የፈራኸውን በጥቂቱ አስቦበታል። የምንጭ ኮድ እንዳይጠየቅ በደፈናው አይከለክልም፤ መንግሥት ለሕጋዊ የሕዝብ ጥቅም የሚጠይቅባቸውን ሁኔታዎች የሚዘረዝር ራሱን የቻለ አባሪ አለው። የመረጃ ዝውውሩም ላይ ለሕዝብ ጥቅም የሚደረጉ ልዩነቶች ተፈቅደዋል። አውስትራሊያ፣ ጃፓንና ሲንጋፖር ከመሩት፣ የተወሰኑ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ስለ ዲጂታል ንግድ ጄኔቫ ላይ ካደረጉት የጋራ ድርድር ጋር ስታስተያየው ልዩነቱ ይታይሃል። እዚያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የወጣው ጽሑፍ ስለ መረጃ ዝውውርና ስለ ምንጭ ኮድ ያለውን ከባድ ክርክር ትቶ፣ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ፣ ወረቀት አልባ ንግድና መሰል ጉዳዮች ላይ ነው የተስማማው። የእኛ አህጉር እዚያ ያልተደፈረውን ደፍራ ጽፋለች። በዚህ እኮራለሁ፤ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ የበለጠ እኮራለሁ።

አሁን የመረጃው ጉዳይ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህንን ለናይሮቢ ሰዎች ጻፍላቸው፤ «ሕግ የሌለው አገር» አለመሆናችንን ማወቃቸው ግማሽ መንገድ ነው። የቀረውን ግማሽ በውል ትሞሉታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኬንያ ሕግ ተገቢ ጥበቃ መኖሩ ከተረጋገጠ ዝውውሩን ይፈቅዳል። የጤና መረጃ ደግሞ ለየት ያለ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ ምክር ልስጥህ፤ መጀመሪያውኑ ባታዩት ይሻላል። ለሒሳብ መዝገብ የገዢው ስም ምን ያደርግላችኋል?

---

ከለገጣፎ (ኅዳር 11 ቀን)

በዚህ ላይ ልምዴን ላካፍል። ጀርመን ላለ ድርጅት ሰነድ እተረጉማለሁ። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በኅብረቱ «በቂ ጥበቃ አለው» የተባለ አገር ውስጥ ካልሆናችሁ ሌላ ዋስትና ይፈለጋል። እኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለንም። ስለዚህ ያስፈረሙኝ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ኅብረቱ ያወጣቸውን መደበኛ የውል አንቀጾች ነው። አንቀጾቹ አይለወጡም፤ ባዶው ቦታ ላይ ግን የራሳችሁን ጥበቃ ትሞላላችሁ።

የከበደኝ ያ ባዶ ቦታ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ክፍል ይቆለፋል ወይ? ቁልፉ ስንት ነው፣ ማን ዘንድ ነው? ሌላ ሰው ይጠቀምበታል ወይ? መብራት ሲቋረጥ ፋይሉ ምን ይሆናል? እኔ የምሠራው ከልጆቼ መኝታ ክፍል ጥግ ነበር። ባለቤቴ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ከፈለልኝ፣ በር ገጠመለት፣ ቁልፍ ገዛንለት፤ የበሩን ፎቶ ከሰነዱ ጋር አያይዤ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ሥራው ጀመረ። ጄኔቫና ብራስልስ ላይ የሚጻፈው ደንብ መጨረሻው ላይ የሚያርፈው እንደዚህ ያለ በር ላይ ነው።

---

ከሰበታ (ኅዳር 11 ቀን)

ልጄ ይህን የመሰለ ጽሑፍ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ሁላችሁም አንድ ቀን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 አቡ ዳቢ ላይ ሲታደስ፣ ሞራቶሪየሙ 14ኛው ጉባኤ ሲካሄድ ወይም መጋቢት 31 ቀን 2026፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲያበቃ ነው የተወሰነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 2018 ማለት ነው። አባል ስላልሆንን ድምፅ የለንም፤ ግን እዚያ የሚወሰነው አባል ስንሆን የምንገባበት ቤት ነው። ተደራዳሪዎቻችን ጥያቄዎቻችንን ከአሁኑ ይዘው ቢሄዱ እወዳለሁ።

---

ከቡራዩ (ኅዳር 12 ቀን)

የመኝታ ክፍሉን ጥግ ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ልጨምር። አቋሜን አልለወጥኩም፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ላስተካክል። መመለሻ በር ይኑረን ያልኩት ከትልልቆቹ ለመከላከል ነው። ያ በር የቆዬ ፈጬውን ልጅ ወይም የለገጣፎዋን እናት የሚዘጋ ከሆነ ዓላማውን ስቷል። ስለዚህ ልዩነቱ በግልጽ ይጻፍ፤ ትልልቅ ሽያጭ ያላቸው የውጭ አቅራቢዎች ለብቻ፣ ትንንሾቹ ለብቻ ይታዩ። በታክስ ጉዳይ የአፍሪካ አገሮች ቡድን በተባበሩት መንግሥታት በኩል ያስጀመረው የታክስ ትብብር ስምምነት ድርድር አለ፤ ከሁለቱ የመጀመሪያ ፕሮቶኮሎች አንዱ ድንበር ተሻጋሪ አገልግሎቶች የሚያስገኙትን ገቢ የሚመለከት ነው። ገቢውን ከቀረጥ ይልቅ በዚያ መንገድ ብንፈልገው ሁላችንም የምንስማማ ይመስለኛል።

---

ከቆዬ ፈጬ (ኅዳር 25 ቀን)

ዘግይቼ ነው የተመለስኩት፤ ውጤቱን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።

የመረጃው ጉዳይ ተፈቷል። የሕግ ወረቀት ወንድሜ «ስሙ ምን ያደርግላችኋል?» ያልከው ቃል ሁሉንም ለወጠው። የናይሮቢ ሰዎች አሁን ደረሰኙን ከመላካቸው በፊት ስምና ስልኩን ይሸፍኑታል፤ ለእኛ የሚደርሰን ቁጥር፣ ቀን፣ የዕቃ ዓይነትና ዋጋ ብቻ ነው። ከለገጣፎ እህቴ፣ እኛም በር ገጠምን። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እህቴ ጋ።

ባንኩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ደብዳቤውን ከሁለቱ አዋጆች ጋር አስገባሁ። ያቺ ትሑት ሠራተኛ ራሷ ወደ ላይ ይዛው ወጣች። በአሥረኛው ቀን ተደወለልኝ፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ለቀቁልን። ደስ ብሎኛል፣ ግን ሙሉ ደስታ አይደለም፤ «ለዚህ ጊዜ ብቻ» ብለው ነው የፈቀዱት። በሚቀጥለው ወር ያው ደብዳቤ፣ ያው ፋይል፣ ያው ደረጃ ይጠብቀኛል። አዋጁ ከወጣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ መስኮቱ ጋ ግን ገና አልደረሰም። ፕሮቶኮሉም ነገ በፓርላማ ቢጸድቅ መስኮቱ ጋ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል ብዬ እጨነቃለሁ።

ስለዚህ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ባንኮች የኤሌክትሮኒክ ፊርማን እንዴት እንደሚቀበሉ አንድ ወጥ መመሪያ እንዲወጣ፣ የስሪት አገር ደንቡ ላይ የሠሪው ሰው እንጂ የመሣሪያው ባለቤት እንዳይታይ፣ ጥለትን የመሰለ ባህላዊ ሥራ በፋይል ሲሸጥ የባለቤትነቱ ጉዳይ በድርድሩ እንዲነሣ። ጋሼ ከሰበታ፣ ከመላኬ በፊት ስለ ቀረጡ የጻፍኩትን አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ማታ በውስጥ መልእክት እልክልዎታለሁ።

የጥለት ቤት እህቴ፣ በተመለሰችው ሣጥን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስሙን ሸፍነሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ካልጣልሽው። ያንን የመስመር ወረቀትም እንዲሁ፤ ሙሉውን ጥለት ሳይሆን አንድ ጥግ ብቻ፣ ሣጥኖቹ ሲሞሉ የሚታዩበትን። ሌሎቻችሁም የራሳችሁን ጉዳይ እስከ ታኅሣሥ 5 እዚሁ ክር ላይ ጻፉልኝ። ደብዳቤውን ታኅሣሥ 7 ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ማኅተማችንን አድርጌበታለሁ።